የማይታየው ግድግዳ

እኛ ዘማቾች ሐዋሳ ዙሪያ ማታ ማታ ስናስተምር አንድ አባወራ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ ጉሮሮዋን ታማ ከጤና ጣቢያ የ10 ቀን ክኒን ተሰጣት። ፔኒሲሊን ነው አሉን። ዛሬ 4ኛ ቀኗ ነው፤ ድናለች። የቀረውን ለጎረቤት ልጅ ብሰጠው ምናለበት?»

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። መልሱን እነሆ ጽፈነዋል።

የልጅቷን ጉሮሮ ያሳመመው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ በዓይን ግን አይታይም። 1,000 ያህሉ ቢሰለፉ የአንዲት ጤፍ ቅንጣት ርዝመት ቢሆኑ ነው። ይህ ጥቃቅን ነገር ዙሪያውን ግድግዳ አለው።

የጭቃ ቤት ስንሠራ ምን እናደርጋለን? ቋሚ እናቆማለን፤ ማገሩን በልጥ እናስራለን። ማገሩ ካልታሰረ ግድግዳ የለም። የባክቴሪያም ግድግዳ እንደዚሁ ነው። የግድግዳውን ክሮች እርስ በርስ የሚያስር ሠራተኛ በውስጡ አለ። ይህ አሣሪ ኢንዛይም ይባላል።

ፔኒሲሊን የሚይዘው ይህን አሣሪ ነው። መድኃኒቱን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ከሻጋታ አገኘው። ፔኒሲሊን የክሩን ጫፍ ይመስላል። አሣሪው ክር መስሎት ይጨብጠዋል፤ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። ግድግዳው ይላላል። ባክቴሪያው እንደ ሞላ ስልቻ የተወጠረ ስለሆነ ይፈነዳል።

የእኛ ሰውነት እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ለይቶ ይመታል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስም ይህ ግድግዳ የለውም። ለጉንፋን ፔኒሲሊን መዋጥ ከንቱ ነው።

ታዲያ ልጅቷ ከዳነች ክኒኑ ለምን ይቀጥላል? ሕመሙ ቢለቃትም ባክቴሪያው ሁሉ አልሞተም። የዚህ ዓይነቱ የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ካልታከመ፣ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን ሊያሳብጥ፣ የልብንም በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ልብ ከተበላሸ በክኒን አይመለስም።

ለጎረቤት ልጅስ? የእሱ ሕመም ሌላ ሊሆን ይችላል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰውም አለ፤ ሊሞትበት ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለ። አንዳንድ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ የራሱ ኢንዛይም አለው። መድኃኒት ያለ ትእዛዝ በተወሰደ ቁጥር ደካማው ይሞታል፤ ቆራጩ ተርፎ ይራባል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከሕሙማን ቁስል በተወሰደ ናሙና ፔኒሲሊንን የሚቋቋም ባክቴሪያ ተገኝቷል። በመድኃኒቱ የሚድን ቁስል ነገ በመድኃኒቱ እንቢ ይላል ማለት ነው።

አባወራው ይህን ሲሰሙ ክኒኑን ከኪሳቸው አውጥተው ቆጠሩ። «የ6 ቀን ቀርቷታል» አሉ። «በሉ ልሂድ፤ ሳትተኛ ልድረስባት።»

ጥያቄዎች
1. የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያስረው ምንድን ነው?
2. ፔኒሲሊን ለጉንፋን የማይረዳው ለምንድን ነው?
3. በቤታችሁ የተረፈ ክኒን አለ? ለምን ተረፈ?