ላሟ ጠፍታለች

እቴ፣ እንጀራሽን እየጋገርሽ ስሚኝ፤ ወደ እኔ አትዙሪ። ቅድም ማሙሽ የጭቃ ላሙን ይዞ ሦስት ጊዜ መጣ። መጀመሪያ «እማዬ፣ እይ» ሲልሽ «እጅህን ታጠብ» አልሽው። ቀጥሎ «ላሜ ወለደች» አለሽ፤ «ጎበዝ» አልሽው፣ ዓይንሽ ግን ከምጣዱ አልተነሣም። በሦስተኛው ምንም ሳይል ትንሽ ቆሞ ተመለሰ። አንቺ አላየሽውም፤ እኔ ከኋላሽ ቁጭ ብዬ አየሁት።

አልፈርድብሽም። በዚህ በመካነ ሰላም ብርድ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ቀድታ፣ ኩበት አንድዳ፣ ገበያ ለምትወጣ ሴት «ከልጅሽ ጋር ተጫወቺ» ማለት የጥጋበኛ ምክር ይመስላል። ግን ተኩስ ከሰማ ወዲህ ሌሊት እየባነነ አልጋ ላይ ይሸናል ያልሽኝ አንቺው ነሽ። ጠበሉንም ዱዓውንም አልነካም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን ጎረቤትሽ የለም።

በፈረንጆቹ 1960ዎቹ በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ይኼንኑ አሰቡ። ባለሙያው ልጁን የሚያገኘው በቀጠሮ ነው፤ እናቱ ግን ቀንም ሌትም አለች። ታዲያ ጨዋታውን ለእናቲቱ ለምን አናስተምራትም አሉ። ፊሊያል ቴራፒ ይሉታል። ጋሪ ላንድሬት የሚባል ሰው ደግሞ በኋላ 10 ሳምንት ብቻ የሚፈጅ ሥልጠና አደረገው፤ ወላጅ በሳምንት 30 ደቂቃ ከአንድ ልጁ ጋር ይጫወታል። የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትይኝ። እዚሁ አገራችን፣ ጅማ ላይ፣ በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ከስድስት ዓመት በታች ሕፃናት መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያም ቤታቸው ድረስ ጨዋታ ተጨምሮላቸው ነበር። በፈረንጆቹ 2019 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ የሰውነት እንቅስቃሴያቸው ጨዋታ ካልተጨመረላቸው ይልቅ ተሻሻለ።

አሠራሩን ልንገርሽ። ቡናው ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑ የማይዛነፍ። ስልኩ ይጥፋ። ጭቃ፣ ጠጠር፣ የተሰበረ ስኒ፣ ጨርቅ ይበቃል። መሪው እሱ ነው። እረኛ ከሆነ አንቺ ላም ነሽ፤ ሣር ብዪ ካለሽ ብዪ። ደግሞ አትጠይቂው! እኔ በልጄ የሠራሁት ጥፋት ይኼ ነው። መምህርነቴ አልለቅ ብሎኝ እቃቃ እየተጫወትን «ይኼ ምን ቀለም ነው? ስንት ስኒ አለ?» ስላት፣ ስኒዎቿን ሰብስባ «አሁንም ትምህርት ቤት ነን?» ብላኝ ጥጓን ያዘች። ደሴ ያለችው ልጄ ያንን እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች። ከመጠየቅ ይልቅ ያየሽውን ተናገሪ፦ «ላሟን በረት አስገባሃት፣ በሩንም ዘጋህባት»። ላሟ ጠፋች ብሎ ፊቱ ከጠቆረ «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ለማለት አትቸኩዪ። «ላምህ ጠፍታብህ ጨነቀህ» በዪው። የልቡን እንዳወቅሽለት ሲያይ ቀሪውን ራሱ ያወጣዋል።

እንጨት አንሥቶ «ጧ ጧ» ቢልሽም አትደንግጪ። የሰማውን እየተጫወተ ነው የሚያወጣው። ወደ አንቺ ካነጣጠረ ብቻ «እናት አይተኮስባትም፤ ግንዱ ላይ ግን ትችላለህ» በዪው፤ ሳትቆጪ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አምስት ደቂቃ ቀደም ብለሽ ንገሪው፤ በድንገት ብድግ ካልሽበት ያኮርፋል። ቢያኮርፍም ያኩርፍ፣ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው።

መባነኑ እየባሰ ከሄደ፣ መብላት ወይም መናገር ከተወ ግን ጨዋታ ብቻውን አይበቃውም፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

በይ አሁን ተነሺ፣ ምጣዱን እኔ እይዝልሻለሁ። ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ ላሟ እንደገና ጠፍታለች መሰለኝ።