ስክሪን ላይ የደመቀ ቀለም ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ባለፈው በመዋጯችን ያሳተምነውን ፖስተር ሁላችሁም አይታችኋል። ኮምፒውተር ላይ አረንጓዴው ቦግ ያለ ነበር፤ ታትሞ ሲመጣ ግን ጠቆር አለ። አንዳንድ ልጆች «ማተሚያ ቤቱ ቀለም ቆጥቦብን ነው!» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ደግሞ ሰው ከመውቀሳችን በፊት ምክንያቱን እንወቅ እላለሁ።

ስክሪን የራሱ ብርሃን አለው። በጣም ጥቃቅን በሆኑ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራቶች የተሞላ ነው። ሦስቱም በደንብ ሲበሩ ነጭ ይታየናል፤ ሲጠፉ ጥቁር። ቀይና አረንጓዴ ብቻ ሲበሩስ? ቢጫ! ካላመናችሁ ስልክ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና ትንሽዬ የውሃ ጠብታ አድርጉበት። ጠብታዋ እንደ አጉሊ መነጽር ሆና ቀለማቱን ታሳያችኋለች።

ወረቀት ግን ብርሃን የለውም። ማታ መብራት ሲጠፋ ስልክ ይታያል፣ ወረቀት አይታይም። ወረቀት ከፀሐይ ወይም ከአምፖል የመጣውን ብርሃን ነው የሚመልሰው። የታተመበት ቀለም ከዚያ ብርሃን የተወሰነውን ይውጣል፤ ወደ ዓይናችን የሚመጣው የተረፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪን ብርሃን ይደምራል፣ ኅትመት ይቀንሳል ማለት ነው።

ባለቀለም ፕሪንተር በአብዛኛው 4 ቀለም ይጠቀማል። እነሱም ሳያን የሚባል ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባል ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ቢጫ እና ጥቁር ናቸው። ሰንደቅ ዓላማችንን ብናትም ቢጫው ከቢጫ ቀለም ይመጣል፤ ቀዩ ከማጀንታና ከቢጫ፣ አረንጓዴው ከሳያንና ከቢጫ ይደባለቃል። ሳያን ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ቢጫ ደግሞ ሰማያዊውን፤ የሚተርፈው አረንጓዴ ነው። ነገር ግን ቀለሞቹ ከአረንጓዴውም ትንሽ ስለሚውጡ የስክሪኑን ያህል ሊደምቅ አይችልም።

ታዲያ ብራችን እንዳይባክን ምን እናድርግ?
1ኛ. ብዙ ከማሳተማችን በፊት አንድ ብቻ አሳትመን እንይ።
2ኛ. ስናስተካክል የስክሪኑን ድምቀት እንቀንስ።
3ኛ. የታተመውን በቀን ብርሃን እንመልከተው፤ በአምፖል ሲታይ ቀለሙ ይለወጣልና።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ፦ ከጠቀስኳቸው 4 ቀለሞች ውስጥ ነጭ የለም። ታዲያ ፕሪንተሩ በሥዕል ላይ ያለውን ነጭ ደመና በምን ያትመዋል? መልሱን ጽፋችሁ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ። ቸር ሰንብቱ!