በእርሻ መዝገብና በኮምፒዩተር ስለሚጻፍ ቀንና ሰዓት

እርሻ ከሥራ ሁሉ ይልቅ ጊዜን የሚጠብቅ ሥራ ነው። ዘር እጅግ ቢፈጥን ዝናቡ ሳይደርስለት፥ እጅግ ቢዘገይም ዝናቡ ሳይበቃው ይቀራል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባለው በጎጃም ደጋ የሚኖር ገበሬ «ከሰኔ ሚካኤል በፊት»፥ «ከሐምሌ ሥላሴ በኋላ» እያለ ቀኑን በበዓል ስም እየጠራ ሥራውን ያሰናዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በማዛወር ላይ ስለ ሆነ፥ በገበሬው አፍ የተነገረው ቀን በመሣሪያው ውስጥ ሲጻፍ ሌላ ቀን እንዳይሆን መጠበቅ የሹማምንት ግዴታ ሆኗል። ስሕተቱ ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚከለከል ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

ስለ ሁለቱ የቀን አቈጣጠር

የኢትዮጵያ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወሮችና 5 ቀን ያላት ጳጉሜን አሉት፤ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በኤውሮፓ ግን የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. አቈጣጠሩን ስላሻሻሉት፥ የወሮቹም ርዝመት ከ28 እስከ 31 ቀን ስለሚለያይ፥ የሁለቱ ወሮች በአንድ ቀን አይጀምሩም። የዓመቱም ቍጥር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በ7፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን በ8 ይለያያል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ወገኖች ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለውን ዘመን የቈጠሩበት ሐሳብ ልዩ ልዩ ስለ ሆነ ነው።

ወንጌላዊውን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሮ ለ4 መክፈል ይበቃል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፥ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ከ5500 ጋር 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲከፈል 3 ስለሚተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነበረ። ስለዚህ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት ድረስ ስለሚቈይ፥ በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ታኅሣሥ 28 ይውላል። ከማርች 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን 5 ድረስ ግን ሁለቱ በየዓመቱ ሳይለዋወጡ ይገጣጠማሉ፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምርበት ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው።

ስለ ሰዓት

በአገራችን ልማድ ቀኑ የሚቈጠረው ከንጋት ነው። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ10ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሚገኝ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመት ውስጥ እጅግ አይለወጥም፤ ስለዚህ ይህ አቈጣጠር ለአገሩ የተስማማ ነው። ኮምፒዩተር ግን ቀኑን የሚለውጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ነው። ሰኞ ከመሸ በኋላ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሆነውን ነገር ገበሬው የሰኞ ሌሊት ቢለው፥ መሣሪያው የማክሰኞ ብሎ ይጽፈዋል። «ለማክሰኞ አጥቢያ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ሁለቱም ይስማማሉ።

መሣሪያው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ኮምፒዩተር በውስጡ ወርንም በዓልንም አያውቅም። አብዛኛው ፕሮግራም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በግሪኒች ሰዓት ያለፈውን ሰከንድ ይቈጥራል፤ ይህም ለእኛ ለታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበረ። ቍጥሩን ወደ ቀን ስም የሚለውጠው ፕሮግራሙ ስለየአገሩ ልማድ የተሰጠውን መመሪያ ተመልክቶ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ማኅበር የሚያዘጋጀው የአገሮች ልማድ መዝገብ የኢትዮጵያን 13 ወሮች ይዟል፤ ነገር ግን ለኢትዮጵያ በመጀመሪያ ደረጃ የተመለከተው የኤውሮፓው አቈጣጠር ነው፤ የአገራችን ሁለተኛ ሆኖ ተጽፏል። ስለዚህ ሠራተኛው ቋንቋውን አማርኛ ቢያደርግም፥ የኢትዮጵያን አቈጣጠር ለይቶ ካልመረጠ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ «ጁላይ» ወይም «ኦገስት» ያገኛል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ «ከሰዓት 1:00» የሚለው ለእኛ ቀኑ 7 ሰዓት ነው።

ኤክሴልን የመሰለ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ደግሞ በተለመደው አሠራሩ የተጻፈለትን ቀን ሁሉ የኤውሮፓ አድርጎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን «30/02/2018» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ፥ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፉ እንደ ቀን ሳይቈጠር ይቀርበታል። ይህ ስሕተት ፈጥኖ ሊታይ ይችላል። የሚከፋው ግን ድምፅ የሌለው ስሕተት ነው፤ ጳጉሜን 5 «05/13/2017» ተብሎ ቢጻፍ፥ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካ ሥርዐት የተዘጋጀ መሣሪያ ሜይ 13 አድርጎ ይቀበለዋል። የቀኖች ድምር ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። ከነሐሴ 30 ቀን 2017 እስከ መስከረም 1 ቀን 2018 ያለው 6 ቀን ሲሆን፥ መሣሪያው ከዲሴምበር 30 እስከ ጃንዋሪ 1 ነው ብሎ 2 ቀን ይላል።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት

አንደኛው ጉዳት በመድኃኒት ላይ ነው። ከውጭ አገር በመጣ የተባይ መድኃኒት ወይም የከብት ክትባት ላይ «03/2025» የሚል የማብቂያ ጊዜ ቢገኝ፥ ማርች 2025 ማለት ነው፤ ይህም በመጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. አብቅቷል። የዕቃ ቤት ጸሐፊ ኅዳር 2025 ዓ.ም. መስሎት ቢመዘግበው ግን፥ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከሰባት ዓመት በላይ ደኅና ነው እየተባለ ለገበሬው ይታደላል።

ሁለተኛው በዝናብ ትንበያ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለእርሻ የሚያወጣው የየ10 ቀን መግለጫ በኤውሮፓ ወሮች የተከፈለ ነው። «የጁላይ ሁለተኛው 10 ቀን» ማለት ከሐምሌ 4 እስከ ሐምሌ 13 ነው። የወረዳው ሠራተኛ «የሐምሌ ሁለተኛው 10 ቀን» ብሎ ቢያስተላልፈው፥ ገበሬው ከሐምሌ 11 እስከ 20 ይመስለዋል። ጤፍ በሚዘራበት ወር 7 ቀን መሳሳት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው በመሬት ውል ላይ ነው። ጎዛምን ወረዳ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ አስቀድሞ ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ ዛሬም የይዞታ መዝገብ በኮምፒዩተር ይያዛል። እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚጸና የኪራይ ውል «30/10/2018» ተብሎ ቢገባ፥ መሣሪያው ኦክቶበር 30 ቀን 2018 አድርጎ ያነበዋል፤ ይህም ጥቅምት 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ውሉ ገና ሳያልቅ ከ7 ዓመት በፊት እንዳለቀ ይቈጠራል፤ አከራይና ተከራይም ያለ በደላቸው ይካሰሳሉ።

ሹማምንት ሊያስጠብቋቸው የሚገቡ ደንቦች

1ኛ፤ መዝገቡ በውስጡ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ይያዝ። ለዚህ የሚስማማው በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓመትን፥ ወርንና ቀንን በተራ የሚያስቀምጠው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በውስጥ «2026-07-08» ሆኖ ይቀመጥ፤ ለሠራተኛውና ለገበሬው ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይታይ። የሚለውጠው ፕሮግራሙ ይሁን እንጂ ጸሐፊው በቃሉ 7 ወይም 8 እየቀነሰ አይለውጥ።

2ኛ፤ ለሰው በሚደርስ ደብዳቤና ሠንጠረዥ ሁሉ ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ ከዓመቱም ቀጥሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» መባሉ አይቅር።

3ኛ፤ ሰዓት ሲጻፍ ጧት፥ ቀን፥ ማታ ወይም ሌሊት ተብሎ ይለይ። ማዳበሪያ ከጧቱ 2 ሰዓት ይታደላል ለማለት «8:00» የሚል መልእክት ቢላክ፥ ገበሬው በቀኑ 8 ሰዓት፥ ማለት 6 ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል።

4ኛ፤ በዕቃ ላይ የታተመ የማብቂያ ጊዜ እንደ ታተመው ይቀዳ፤ በአጠገቡም የኢትዮጵያ ቀን ይጻፍ።

5ኛ፤ አዲስ ፕሮግራም ከመረከብ በፊት በእነዚህ ቀኖች ይፈተን፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023፥ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፥ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ጃንዋሪ 7 ቀን 2024፥ የካቲት 22 ቀን 2016 ማርች 1 ቀን 2024 መሆን አለባቸው። ከእነዚህ በአንዱ የሳተ ፕሮግራም ሳይታረም ሥራ ላይ አይዋል።

6ኛ፤ አስቀድሞ የተመዘገበው ሁሉ ይመርመር፤ አጠራጣሪ ቀን ሲገኝ ከወረቀቱ ዋና ጽሑፍ ጋር ይመሳከር እንጂ በግምት አይታረም።

ለመሣሪያው ተብሎ ገበሬው የአባቶቹን አቈጣጠር እንዲለውጥ ማስገደድ አያስፈልግም፤ የአገሩን ልማድ መሣሪያው ሊማረው ይችላል። የሚያስፈልገው የመሥሪያ ቤቱ ሹም ፕሮግራም ሲያዝዝ ይህን መጠየቁ፥ ሲረከብም መፈተኑ ነው። ቀኑ በትክክል የተጻፈ መዝገብ ዘሩን በወቅቱ፥ መድኃኒቱን በጤንነቱ፥ ውሉንም በዘመኑ ይጠብቃል።