ጥይት ያረጃል፡- ሙቀትና እርጥበት በጦር መሣሪያ ማከማቻ ላይ

ይህን ርዕስ መምረጤን የሰሙ የክፍል ጓደኞቼ «የጋዜጠኝነት ተማሪን ከጥይት ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ስቀውብኛል፡፡ መልሴ አጭር ነው፡፡ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲፈነዳ ካሜራ ይዘን የምንሮጠው እኛ ነን፡፡ ከመፈንዳቱ በፊት እዚያ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ግን ማናችንም አንጠይቅም፡፡

ለዚህ ከቆጵሮስ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ሞንቼጎርስክ የተባለች መርከብ ከኢራን ወደ ሶሪያ ስትጓዝ ተይዛ ጭነቷ ቆጵሮስ ላይ ተራገፈ፡፡ ጭነቱ በ98 ኮንቴይነሮች የታሸገ ባሩድና ሌላ የጦር ቁሳቁስ ነበር፡፡ ኮንቴይነሮቹ ማሪ ከምትባል መንደር አጠገብ በሚገኝ የባሕር ኃይል ሰፈር ሜዳ ላይ፣ ያለ ምንም ጥላ ተደረደሩ፡፡ ከዚያ በኋላ ዲፕሎማቶችና ባለሥልጣናት ዕቃው ምን ይደረግ እያሉ ሲጻጻፉ ሁለት በጋ አለፈ፡፡ በሐምሌ 2011 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ አንዱ ኮንቴይነር ሆዱ ተነፍቶ ታየ፡፡ ልብ በሉ፤ ብረት ነው የተነፋው! ከሳምንት በኋላ ሐምሌ 11 ቀን ማለዳ ሁሉም ፈነዳ፡፡ የባሕር ኃይሉ አዛዥና እሳት ሊያጠፉ የገቡ ሠራተኞችን ጨምሮ 13 ሰዎች ሞቱ፡፡ በአቅራቢያው የነበረው የቫሲሊኮስ ኃይል ማመንጫ ክፉኛ ስለተጎዳም አገሪቱ ከኤሌክትሪክ አቅርቦቷ ግማሽ ያህሉን በአንድ ማለዳ አጣች፡፡ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ፡፡

ለመሆኑ ክብሪት የጫረ ሰው ሳይኖር እንዴት ይፈነዳል?

ጥይት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ብረት ነው፡፡ ነገር ግን በቀለሁ ውስጥ ከአረሩ በስተኋላ ያለው ባሩድ ነው፤ የዘመናችን ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ በዋናነት ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ውህድ ይሠራል፡፡ ይህ ውህድ ማንም ሳይነካው፣ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፡፡ ሲፈርስ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ተመልሶ ያንኑ ባሩድ ይበላዋል፡፡ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ እንደ ዲፌኒላሚን ያለ ማረጋጊያ ይጨምሩበታል፡፡ ማረጋጊያው የሚወጣውን ጋዝ እየያዘ ያቆየዋል፡፡ ችግሩ ማረጋጊያው ያልቃል፡፡ ቶሎ ወይስ ዘግይቶ የሚለውን ደግሞ የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው፡፡ በኬሚስትሪ የተለመደው ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኬሚካሉ ለውጥ ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል የሚል ነው፡፡ ስለዚህ በ20 ዲግሪና በ40 ዲግሪ የተቀመጡ ሁለት ሣጥኖች በእርጅና አራት እጥፍ ያህል ይለያያሉ ማለት ነው፡፡ ፀሐይ ላይ የቆመ የብረት ኮንቴይነር ውስጡ ከውጪው አየር እጅግ ይበልጥ ይግላል፡፡ ማረጋጊያው ሲያልቅ ባሩዱ ራሱ ሙቀት ማመንጨት ይጀምራል፤ ክምችቱ ብዙ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ራሱን በራሱ ይለኩሳል፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደነግጥ፡፡ ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ካርቶን ጥይት እንዲህ ራሷን ታፈነዳለች ማለቴ አይደለም፤ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል፡፡ የቤቱ ጣጣ ሌላ ነው፡፡

ያደግሁት በመተማ አካባቢ ነው፡፡ በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ልብስ እንኳ ሳጥን ውስጥ ይሻግታል፡፡ አጎቴ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለው፡፡ ጥይቱን ዘይት ቀብቶ፣ በጨርቅ ቋጥሮ ከቆርቆሮው ሥር ወራጅ ላይ ያኖረዋል፡፡ ከግድግዳው ማዶ የከብቶቹ በረት ነው፡፡ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ሳነብ ያ ቋጠሮ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ምክንያቱም አራት ነገር በአንዴ ይዟል፡፡

ከቆርቆሮ ሥር ማለት በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የጋለው ቦታ ማለት ነው፡፡ ጨርቅ እርጥበት ይመጣል፤ የቆዳ ዝናርና አፎትም እንደዚያው፤ ለዚያውም ቆዳው ሲለፋ የገባበት ኬሚካል ብረትንም ነሐስንም ይበላል፡፡ ዘይት ለአፈሙዝና ለሌላው የጠመንጃ ብረት መድኃኒት ነው፤ በስሱ ይቀባል፡፡ ለጥይት ግን አይሆንም፤ ከሥር ባለችው መለኮሻ ዙሪያ ሰርጎ ገብቶ ሊያከሽፋት ይችላል፡፡ ጥይት በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብቻ ይበቃዋል፡፡

አራተኛው በረቱ ነው፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወቅት የጥይት ቀለሆቹ እየተሰነጠቁ ያስቸግሩት ነበር፡፡ ጥይቱ ይቀመጥ የነበረው በፈረስ ጋጣዎች ውስጥ ነው፡፡ ምክንያቱ በግልጽ የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፡- ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞንያ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ ውጥረት የቀረበትን ነሐስ ይሰነጥቀዋል፡፡ ይህን ለአጎቴ ስነግረው «አንተ ልጅ፣ እኔ ያሳደግኋት ላም ጥይቴን ትበላለች?» ብሎ ሳቀ፡፡ ቢሆንም ቋጠሮውን አውርዶ አየው፡፡ ሦስቱ ቀለሆች አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል፡፡

እንዲህ ያለ ጥይት ቢተኮስ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ይከሽፋል፡፡ አንዳንዱ ዘግይቶ ይተኮሳል፤ ስለዚህ ቃታ ተስቦ ካልጮኸ ቢያንስ 30 ሰከንድ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ መጠበቅ ግድ ነው፡፡ ከሁሉ የሚከፋው ግን ባሩዱ ደክሞ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ሲቀረቀር ነው፡፡ ድምፁ ደከም ይላል፤ ተኳሹ ልብ ሳይል ሁለተኛውን ይደግማል፤ ብረቱም ፊቱ ላይ ይፈነዳል፡፡

ታዲያ ቆላ ላይ የሚኖር ሰው ምን ያድርግ? ከገንዘብ ይልቅ ትኩረት ነው የሚጠይቀው፡፡ ቦታው ከጣሪያ ይልቅ ወደ ታች፣ ፀሐይ በማይነካው የውስጥ ግድግዳ በኩል ይሁን፤ ነገር ግን መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፡፡ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ሲያልፍ ብረት በፍጥነት ይዝጋል፤ 50 በመቶ አካባቢ ደህና ነው፡፡ ክዳኑ ላስቲክ ያለው የብረት ሣጥን ጥሩ ነው፡፡ ሆኖም በዝናብ ቀን የተዘጋ ሣጥን የዘጋው እርጥቡን አየር ነው፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ አየር ጠል ሆኖ ጥይቱ ላይ ያርፋል፡፡ ስለዚህ በደረቅ ቀን መዝጋት፣ ውስጡም ሲሊካ ጄል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፡፡ ሲሊካ ጄል ማለት በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አግኝተን የምንጥላት ትንሽዬ ከረጢት ናት፤ እርጥበት ጠጥታ ስትጠግብ በመጠነኛ ሙቀት ብትደርቅ መልሳ ትሠራለች፡፡ ጠመንጃው ጥይቱ ወጥቶለት ለብቻው ይቆለፍ፤ ጥይቱም ለብቻው፡፡ ይኼ ከሙቀት ይልቅ ለልጆች ነው፡፡ ቀድሞ የተገዛው ጥይት ቀድሞ ይውጣ፤ ሁሉም በየጊዜው ተከፍቶ ይታይ፡፡

ለትልልቆቹ ግምጃ ቤቶችም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ በየክምችቱ ናሙና እየተወሰደ የቀረው ማረጋጊያ በላቦራቶሪ መለካቱ ነው፡፡ እንግዲህ ነገ ዘጋቢ ሆኜ አንድ ግምጃ ቤት በር ላይ ብቆም የምጠይቀው ይህን ነው፡- ቴርሞሜትር አለ? ንባቡ የሚጻፍበት መዝገብስ? ናሙና መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ቁጥሩንና ዓይነቱን በምሥጢርነት ቢይዙት ይገባኛል፤ የሙቀት መዝገብ ግን ምኑ ምሥጢር ነው?

አጎቴ ሦስቱን ጥይቶች ወንዝ ልጣላቸው ብሎ ነበር፡፡ ወንዝ መጣል፣ መቅበር፣ እሳት ውስጥ መክተት ሁሉም ክልክል ነው፤ እሳት ውስጥ የገባ ጥይት ቀለሁ ተሰባብሮ ዓይን ያጠፋል፡፡ ጥይቶቹን ከሌላው ለይቶ፣ ሳይነካካ ለብቻቸው አስቀምጦ ፖሊስ ጣቢያ አሳወቀና መጥተው ወሰዱለት፡፡ ቀሪዎቹ አሁን ከበረቱ ርቀው፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ናቸው፡፡ ሲሊካ ጄሉን የሰጠሁት ከራሴ ጫማ ካርቶን ነው፡፡