የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን መጎዳቱን በምን እናውቃለን?

ገበሬ ወገኖች! ስልቻ ቢቀደድ እህሉ ይፈሳል። የሽቦ ሽፋንም ቢቀደድ ኤሌክትሪኩ ይፈሳል። እህሉ ሲፈስ ይታያል፤ ኤሌክትሪክ ግን አይታይም።

ቤታችን የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ ሰው ይገድላል። ከውስጥ መዳብ፣ ከላይ ፕላስቲክ አለ። ፕላስቲኩን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ አይጥ ይቀረጥፈዋል፣ የቆርቆሮ ጠርዝ ይቆርጠዋል። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ክፉው ጊዜ ክረምት ነው። በበጋ ደህና የመሰለው ሽቦ የጭቃው ግድግዳ ሲረጥብ ያፈሳል።

ግድግዳው ወይም ቆርቆሮው ነዘራችሁ? ዝናብ በመጣ ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል? አምፖሉን አጥፉ፣ ሶኬት ላይ የተሰካውን ሁሉ ንቀሉና ቆጣሪውን ተመልከቱ። አሁንም ከቆጠረ ኃይሉ አንድ ቦታ ሳይፈስ አይቀርም። ታዲያ በእጅ እየነካችሁ አትፈልጉት! ጫማ አድርጋችሁ፣ በደረቅ እጅ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ባለሙያው ኃይሉን ዘግቶ ሜገር በሚባል መሣሪያ ይለካል። መሣሪያው በቤት ሽቦ ላይ 500 ቮልት ይልካል፤ ልኩ ከ1 ሜጋ ኦም ካነሰ ሽፋኑ ተጎድቷል ወይም ረጥቧል። በፌስታል መጠቅለል (ብዙ ሰው ያደርገዋል) ጥገና አይደለም።

የምሰሶው ሽቦ ግን ብዙውን ጊዜ ሽፋን የለውም። ወድቆ ካያችሁ ልጆችንም ከብቱንም አርቁ፤ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ደውሉ።