ትንሽ ኖራ ለምን አይበቃም? ስለ ኬሚካል ሚዛን ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሚዛን ነው። በገበያ ቅቤ ስለምንመዝንበት ሚዛን አይደለም። በድንጋይ፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ ስላለው፣ ዓይን ስለማያየው ሚዛን ነው።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅመናል? በአዊ፣ በእንጅባራ ዙሪያ፣ በባንጃና በፋግታ ለኮማ ቀይ አፈሩ ኮምጣጣ ሆኗል። ገብስና ስንዴ አልሰጥ ስላለ ብዙ ገበሬ በእርሻው ላይ ዲከረንስ ተክሏል። እንዲህ ያለ መሬት በኖራ ይድናል። ነገር ግን ጥቂት ኖራ በትኖ «ምንም አልጠቀመኝ» የሚልም አለ። ጥፋቱ የኖራው ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

1. ሚዛን ምንድን ነው?

የዳንግላን ገበያ አስቡ። ቀትር ላይ ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚገባ አለ፣ የሚወጣም አለ። የሚገባውና የሚወጣው እኩል ከሆነ የገበያተኛው ብዛት አይለወጥም። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ምንም የሚለወጥ አይመስልም፤ ሰዉ ግን ይገባል፣ ይወጣል።

ብዙ የኬሚካል ለውጦችም እንዲሁ ናቸው። ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ወደ ኋላም ይመለሳሉ። መሄዱና መመለሱ እኩል ሲሆኑ «ሚዛን ላይ ደረሱ» እንላለን።

ሚዛኑን ከሚያዛቡት ነገሮች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፤ የነገሩ ብዛትና ሙቀት። ሕጉን አንሪ ለ ሻትልዬ የተባለ የፈረንሳይ ኬሚስት በ1884 በአውሮፓ አቆጣጠር አስታወቀ። በአጭሩ ይህ ነው፦

ሀ. ከሚዛኑ ላይ አንድ ነገር ብንወስድ፣ ለውጡ የተወሰደውን ወደሚተካበት በኩል ያጋድላል።
ለ. ብንጨምርበት፣ የጨመርነውን ወደሚቀንስበት በኩል ያጋድላል።
ሐ. ብናሞቀው፣ ሙቀት ወደሚበላው በኩል ያጋድላል። ብናቀዘቅዘው ደግሞ ወደ ተቃራኒው።

የአምቦ ውሃ ጥሩ ምሳሌ ነው። በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር ሟሙቷል። እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው ይህንኑ ነው። ጠርሙሱ ተከድኖ ሳለ አየሩ ከውሃው ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ከላይ ያለው አየር ያመልጣል፤ ውሃውም ያንን ለመተካት እየፈላ አየር ይለቃል። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ የዋለ ከሆነማ ገንፍሎ ይፈሳል፤ አየሩ ከውሃ ሲወጣ ሙቀት ይበላልና።

2. ድንጋይ ኖራ ሲሆን

ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የኖራ ድንጋይ አለ። ይህ ድንጋይ በእቶን ውስጥ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ይከፈላል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎ የተቃጠለ ኖራ ይሆናል። የቀረው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል።

ሁለቱም ነገሮች እዚህ ይታያሉ። ድንጋዩ ለመከፈል ሙቀት ይበላል፤ ስለዚህ እሳቱ ሲበረታ ወደ ኖራ ያጋድላል። እቶኑ ታፍኖ አየሩ መውጫ ካጣ ግን ድንጋዩ መከፈሉን ያቆማል። እንደታፈነ ቢቀዘቅዝም ኖራው አየሩን መልሶ ይይዝና ድንጋይ ይሆናል። ለእቶን መውጫ የሚበጅለት ለዚህ ነው።

3. አፈራችን ለምን ኮመጠጠ?

በአፈር ውስጥ ካልሲየም ሁለት ቦታ አለ። ብዙው በሸክላው ቅንጣት ላይ ተጣብቋል፤ ጥቂቱ በአፈሩ ውሃ ውስጥ ሟሙቷል። ሁለቱ በሚዛን ላይ ናቸው።

አዊ ዝናባም አገር ነው። ዝናቡ የሟሟውን ካልሲየም አጥቦ ወደ ታች ያሰርገዋል። ሸክላው የተወሰደውን ለመተካት ከራሱ ይለቃል። የሚቀጥለው ዝናብ ያንንም ይወስዳል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ዘመን ሲያልፍ በካልሲየም ቦታ አሲድና አልሙኒየም ይገባሉ። ከማሳ የሚወጣው እህልና ገለባም ካልሲየም ይዞ ይሄዳል። ዩሪያን ዓመት ከዓመት መጨመርም ኮምጣጣነቱን ያብሳል።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሩ ይኮመጥጣል። ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየሙ በብዛት ይሟሟል። የሰብሉን ሥር ያቀጭጫል። ከማዳበሪያ የሚገኘውን ፎስፎረስም አስሮ ይይዛል። ገበሬው ማዳበሪያ ገዝቶ ሰብሉ ሳይጠቀምበት ይቀራል ማለት ነው።

4. ትንሽ ኖራ ለምን አይበቃም?

የአፈሩ አሲድም ሁለት ቦታ አለ። በውሃው ውስጥ ያለው ጥቂት ነው። ትልቁ ጎተራ ሸክላው ነው። ጥቂት ኖራ ብንበትን በውሃው ያለውን አሲድ ያጠፋል። ታዲያ ሸክላው ምን ያደርጋል? የተወሰደውን ሊተካ ከጎተራው ይለቃል። አፈሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ኖራው አልከሸፈም፤ ጎተራው ገና ስላላለቀ ነው።

በቂ ኖራ ሲጨመር ግን ካልሲየሙ በዝቶ አሲዱንና አልሙኒየሙን ከሸክላው ላይ ያስለቅቃል። አልሙኒየሙ የማይሟሟ ሆኖ ይቀራል። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከማሳው ወጥቶ ይሄዳል። ስለሄደም ለውጡ ወደ ኋላ አይመለስም፤ መውጫ ያለውን እቶን አስታውሱ።

ስለዚህ፦

— ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ አፈር ወስዳችሁ በግብርና ባለሙያ በኩል አስመርምሩ። መጠኑ በግምት አይታወቅም። በሄክታር 20 ኩንታል ከታዘዘ፣ ለሩብ ሄክታር 5 ኩንታል ነው።
— ኖራው የደቀቀ ይሁን። እኩል በትናችሁ፣ ከመዝራት አስቀድማችሁ በእርሻ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት።
— አመድና ፍግ አትጣሉ። የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ የሚሻለው አንዱ በእነርሱ ነው።
— የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ተጠንቀቁ።
— ዝናቡ ማጠቡን አይተውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩን እንደገና አስመርምሩ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት የሚፈላው ለምንድን ነው?
2. መውጫ በሌለው እቶን ኖራ የማይወጣው ለምንድን ነው?
3. አንድ ጎረቤታችሁ ለሩብ ሄክታር ግማሽ ኩንታል ኖራ በትኖ «አልጠቀመም» ቢላችሁ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?