የብር ብናኝና የውሃ ቁንጫ

ብር ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ገንዘቡ፥ ቀጥሎም መስቀሉና ጌጡ ነው። ዛሬ ግን ይኸው ማዕድን በካልሲ ውስጥ ይገኛል። ሽታ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ይገድል ዘንድ እጅግ አድቅቀው ከክሩ ጋራ ያዋሕዱታል። የብናኙ መጠን ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር ማለት ሜትር ለ1,000,000,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው። (ለእግር ሽታ ሳሙና የሚበቃ ይመስለኛል።)

መድቀቁ ምን ይለውጣል? በየጐኑ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩብ ስድስቱ ፊቶቹ ቢደመሩ 6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ይህንኑ ባለ 10 ናኖሜትር ኩቦች አድርገን ብንከፋፍለው ግን የፊቱ ስፋት 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። አላምን ብዬ ሒሳቡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ክብደቱ ሳይጨምር ውሃና አየር የሚነካው ገጽ በዛ ማለት ነው።

በአሜሪካ አገር በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤንና ዌስተርሆፍ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉትን ካልሲዎች በንጹሕ ውሃ አጠቡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ባወጡት ጽሑፍ፥ እስከ 650 ማይክሮግራም ብር ወደ ግማሽ ሊትር ውሃ እንደ ወጣ ገለጹ። እጣቢ ደግሞ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ መሄዱ አይቀርም።

በዚያ ዳፍኒያ የምትባል፥ የውሃ ቁንጫም የሚሏት ትንሽ ፍጥረት ትኖራለች። እርስዋ አልጌ ትበላለች፥ እርስዋን ደግሞ ዓሣ ይበላታል። ስለዚህ የውሃ መርዝ የሚመረመረው ብዙውን ጊዜ በርስዋ ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸውን አምስት አምስት አድርጎ፥ ልዩ ልዩ መጠን ብር ባለባቸው ብርጭቆዎች ይከቷቸዋል፤ ብር የሌለበት ብርጭቆም ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። ከ48 ሰዓት በኋላ መዋኘት ያቃታቸው ይቈጠራሉ።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጐዳቸው ብናኙ ራሱ ነው ወይስ ከብናኙ ሟሙቶ የወጣው የብር አዮን? ይህን ለመለየት በሌላ ብርጭቆ ሟሚ የሆነውን ሲልቨር ናይትሬት አድርጎ ጕዳቱን ማመዛዘን ይገባል። ብናኙም ተጣብቆ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ፥ በውሃው ውስጥ ያለውን ብር በመጀመሪያም በመጨረሻም መለካት ግድ ነው። መጀመሪያ የጨመሩትን ብቻ መጻፍ ያሳስታል።

በቴክሳስ የሚገኘው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 ብልህ ዘዴ አሳዩ። ብር እንዲሟሟ ኦክሲጅን ያስፈልገዋልና ኦክሲጅኑን አስወግደው ባክቴሪያዎችን ከብናኙ ጋራ አኖሩ። ባክቴሪያዎቹ አልተጐዱም። እንግዲያውስ ገዳዩ በአብዛኛው የሟሟው ብር ነበረ።

በፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ብሩ ከድኝ ጋራ ሲዋሐድ እምብዛም ስለማይሟሟ መርዙ ይቀንሳል። ሆኖም የ48 ሰዓት ሙከራ የሚነግረን የሁለት ቀን ነገር ብቻ ነው። እናቲቱ በሕይወት ኖራ መውለድ ትተው እንደ ሆነ ለማወቅ 21 ቀን ሙሉ እየመገቡ ልጆቿን መቍጠር ያስፈልጋል።